ከለሚ በላይ ያለው ቁልቁለት

ገብረኣብ ዑቕባይን ያወቅኩት ከኦሎምፒያ ዝቅ ብላ በነበረችው የቆርቆሮ ሱቁ ብስክሌት ሲጠግን ነው። አሥመራ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። አዲስ አበባ የመጣው በሃያ ዓመቱ፣ ብስክሌቱን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ነበር። ዝምተኛ ነው፤ ሲናገርም እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነው። ይህን ታሪክ ራሱ ነገረኝ። እኔ እሱ እንደነገረኝ አድርጌ መጻፌን እንጃ።

በ1979 ዓ.ም. ገብረኣብ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነበር። እሁድ ጠዋት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ጋራ ይወጣል። አንደኛው መኩሪያ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ በዕድሜ ከገብረኣብ ብዙ አያንስም። ሁለተኛው ዋቅጅራ ገና ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ዳቦ ቤት ይሠራል፤ ተናኜ የምትባል ሚስትና የአራት ወር ሴት ልጅ አሉት። የለሚ ገበሬ ልጅ ስለሆነ የአገሩን ስርጥ መንገድ ሁሉ የሚያውቀው እሱ ነበር።

ለጋራ የሚሆን ብስክሌት ያኔ አይታወቅም። ገብረኣብ የቻይና ብስክሌቶችን ጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎ አውልቆ፣ ወፍራም ጎማ አግብቶ፣ የተሰበረውን በብየዳ አጠንክሮ ሠራቸው። ከኮተቤ ጀርባ ያለውን ጋራ እየገፉ ይወጡና በባሕር ዛፉ መካከል ወደ ለሚ ወንዝ በምትወርደው የእግር መንገድ ይለቁታል። ያ አገር ያኔ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ነበር።

መንገዷ ከአንድ ሰው በላይ አታሳልፍም፤ ጠመዝማዛ ስለሆነችም ከላይ ሆኖ ታቹን ማየት አይቻልም። ስለዚህ ሥርዓት አበጁ። መጀመሪያ የሚወርደው ገብረኣብ ነው። ወንዙ ዳር ሲደርስ ደወሉን ሦስት ጊዜ ይደውላል፤ ያን ጊዜ ቀጣዩ ይነሣል። አንድ ቀን ግን ገብረኣብ ወድቆ ትከሻው ወለቀ። ጓደኞቹ ደወል ሲጠብቁ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ድንጋይ ላይ ተኝቶ አቃሰተ። ከዚያ ወዲያ እሱ ራሱ ሕጉ ላይ ጨመረበት፦ ደወል ካልተሰማ ወድቄያለሁ ማለት ነው፤ ሳትጠብቁ ድረሱልኝ።

በዚያ ክረምት መግቢያ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ነበር። ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያለው ወንድ ይፈለጋል፤ ቀበሌው ኮታው ሲጎድልበት ከመንገድ ያፍሳል። ዋቅጅራ ሦስት ሳምንት ዳቦ ቤቱ ውስጥ ከዱቄት ጆንያ ኋላ ተደበቀ። በአራተኛው እሁድ፣ «ማን ጋራ ላይ ወጥቶ ያፍሳል?» ብሎ ገና ሳይነጋጋ ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። ሁሉም ትክክል ነው ብለው አሰቡ።

ጋራው ጫፍ ላይ መኩሪያ ዋቅጅራን አላስቀምጥ አለው።

«ቀስ ብለህ ውረድ ዛሬ። ሦስት ሳምንት ዱቄት ላይ ተኝተህ እንደ ድፎ ኩፍ ብለሃል።»

«አንተ ፍሬን ጨብጠህ እየጸለይክ አይደል የምትወርደው?» አለ ዋቅጅራ። «ባለፈው ጭራሮ የተሸከሙት ሴቶች ቀድመውህ ገቡ።»

«እነሱ ልምድ አላቸው!»

ገብረኣብ እየሳቀ ቁልቁል ለቀቀው።

ወንዙ ዳር ጠመንጃ የያዙ አምስት ሰዎች ቆመዋል። ከማዶ የጭነት መኪና አለ። ሰባት ስምንት ጎረምሶች ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብለዋል። ከተማው ውስጥ ሰው ስላጡ፣ የሸሸው ሁሉ ወደ ገጠር የሚያልፍበትን መሻገሪያ ይዘው ነበር።

«ውረድ! መታወቂያ!»

አንደኛው መታወቂያውን አገላብጦ አየ። «ዕድሜው አልፏል» አለ ለጓደኛው። ቀጥሎ ስሙንና የትውልድ ቦታውን አነበበ። «አሥመራ? አሥመራ ተወልደህ በጠዋት ጋራ ላይ ምን ትሠራለህ?»

«ስፖርት ነው፣ ጓድ።»

«ከላይ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ተቀመጥ። ትንፍሽ እንዳትል።»

ገብረኣብ ተቀመጠ። እጁ ከደወሉ አንድ ክንድ አይርቅም። ደወሉን ቢነካ ለወንበዴ ምልክት ሰጠ እንደሚሉት ገብቶታል። ደግሞስ መደወል መጥራት አይደል? ዝም ካልኩ ከላይ ይቆያሉ፣ ሲሰለቻቸው ይመለሳሉ ብሎ ራሱን አጽናና። ትንሽ ቆይቶ የጎማ ኮሽታ ከዛፉ ውስጥ ሲሰማ ነው የራሱ ሕግ ትዝ ያለው። ለ«ተመለሱ» የሚሆን ምልክት ከመጀመሪያውም አላበጁም ነበር።

አፉን ከፈተ። ጠመንጃ የያዘው ሰው ዞሮ አየው። አፉን ዘጋ።

ዋቅጅራ በሙሉ ፍጥነት ከጥምዝምዙ ብቅ አለ። «ጋሼ! ተሰበርክ እንዴ?» እያለ ነበር የመጣው። ሰዎቹን ያየው ሁለቱ መሪውን ከያዙት በኋላ ነው።

በመጨረሻ መኩሪያ ወረደ። እሱንም ዕድሜው አልፏል ብለው ተዉት። መኪናው ዋቅጅራን ጭኖ ሲሄድ ሁለቱ ጓደኛሞች በሦስት ብስክሌት መካከል ቆመው ቀሩ።

«ወድቆ ይሆናል፣ ቶሎ ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ መኩሪያ። ከዚያ፣ «አንተስ ለምን አልጮህክም?» ሲል ጠየቀ።

ገብረኣብ የዋቅጅራን ብስክሌት አነሣ። ከዚያ ቀን ወዲያ መኩሪያ ሱቁን በማዶ አስፋልት ማለፍ ጀመረ።

ሰኞ ጠዋት ገብረኣብ ቀበሌ ሄደ። «በእሱ ፈንታ እኔን ውሰዱኝ፤ ሕፃን ልጅ አለችው» አለ።

ሊቀ መንበሩ ከወረቀቱ ቀና አላለም። «ጓድ፣ ኮታው የዕድሜ ገደብ አለው። ደግሞ የአሥመራ ሰው በገዛ እጃችን እናስታጥቅ?» በክፍሉ የነበሩት ሳቁ። ገብረኣብ ወጣ። ይህን ሲነግረኝ ጨርቁን ዘርግቶ አጠፈው። «ሲከለክሉኝ ደስ አለኝ» አለኝ። «በሩ ላይ ስደርስ በረጅሙ ተነፈስኩ። እንዲከለክሉኝ ነበር የሄድኩት።»

ዋቅጅራ ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከሰሜን ደግሞ አንድ። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። ተናኜ ዳቦ ቤቱ ውስጥ በባሏ ቦታ ገባች። ገብረኣብ በየሁለት ሳምንቱ ሳሙና ወይም ስኳር ይዞ ይጠይቃታል። «ጋራ ላይ ያዙት» ከማለት ያለፈ ግን ነግሯት አያውቅም።

በ83 ጦሩ ተበትኖ ወታደሩ በእግሩ ወደ ከተማ ሲገባ ተናኜ ስንት ቀን መንገድ ዳር ቆመች። ዋቅጅራ አልመጣም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ገብረኣብ ቤቷ ሄዶ፣ ልጅቷን ውጪ ልካ ሳለ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። ስለ ዝምታውም፣ አፉን ከፍቶ ስለ መዝጋቱም።



«ጋሼ፣ ቢጮሁ ኖሮ ምን ያደርጉዎት ነበር?» አለች ተናኜ።

«ይመቱኝ ነበር።»

«ይገድሉዎት ነበር?»

ውሸት አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

«አይመስለኝም» አላት።

ተናኜ ተነሥታ በሩን ከፈተችለት።

«ከእንግዲህ አይምጡ» አለችው።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤቷ አልሄደም።