ሚስት የወሰደችው ባል

አባቴ «ስፖንሰር» የሚለውን ቃል የሚያውቁት ከኳስ ተጫዋቾች ማልያ ላይ ነበር። ስለዚህ ካናዳ ያለችው ሚስቴ «ስፖንሰር ላደርግህ ነው» ማለቷን ስነግራቸው ወዲያው አልገባቸውም። ባሕር ዳር ገበያ ካለችው የጨርቅ ሱቃችን ደጃፍ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጡና ቀና ብለው አዩኝ።

«እሷ አንተን?»

«አዎ አባባ። እሷ ቀድማ ስለሄደች ባሏን እንድታስመጣ ይፈቀድላታል።»

«አባቴ እናቴን ከይፋግ አመጡ። እኔም እናትህን ከወረታ አመጣሁ። ሚስት ባሏን ስትወስድ በዘራችን የመጀመሪያው አንተ ነህ» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ደግ ነው። ግን ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ ታለቅሳለች። አንተም ታለቅሳለህ?»

ጎረቤት ያሉት ነጋዴዎች ይህን ሰምተው ለብዙ ጊዜ «ሙሽራው» ሲሉኝ ከረሙ።

ሚስቴ ነርስ ናት። ከመሄዷ በፊት እዚሁ ባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር ተከራይታ ትኖር ነበርና፣ ለቤቷ መጋረጃ ልትገዛ ሱቃችን መጥታ ነው የተዋወቅነው። ጣቃውን ሁሉ አስወርዳ፣ አስዘርግታ፣ «ነገ እመለሳለሁ» ብላ ሄደች። በማግሥቱም ያንኑ አደረገች። እኔም እያጠፍሁ መመለሱን ወደድሁት። ካናዳ ከሄደች በኋላ በስልክ ስንነጋገር ቆየንና፣ ለእረፍት ስትመጣ ወረታ ቤተሰቦቿ ቤት ኒካህ አሰርን። እረፍቷ አልቆ ተመልሳ እንደ ገባችም ማመልከቻውን አስገባች።

ችግሩ ፎቶ ላይ መጣ። እዚያ ጉዳያችንን የምትከታተልልን ሴት፣ ትዳራችሁ እውነተኛ መሆኑን የሚያሳይ የሠርግ ፎቶ ላኩልኝ አለች። ላክን። ሠርጋችን ግን ወንዱ በአንድ ድንኳን፣ ሴቱ በሌላ ድንኳን የተቀመጠበት ነበር። እኔ በፎቶው ሁሉ ከአጎቴ ጋር ነኝ፤ እሷ በፎቶው ሁሉ ከአክስቷ ጋር ናት። ሴትዮዋም ለሚስቴ ደውላ፣ «ፎቶዎቹ በጣም ያምራሉ። ባልሽ የትኛው ነው?» አለቻት።

በሚቀጥለው እረፍቷ ስትመጣ እናቴ ጉዳዩን በእጇ አስገባች። እሑድ ጠዋት፣ እኔና ሚስቴ በሠርግ ልብሳችን፣ እናቴ በአዲስ ሻርፕ፣ ጣና ዳር ወረድን። ውኃው ዳር ፎቶ ከሚያነሱት ልጆች አንዱን ጠራችና ዋጋውን ራሷ ተከራክራ ጨረሰች።

እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ «ከሴት ልጅ ራቅ በል» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ያን ቀን ግን ሰው እየሰማ ትጮኻለች።

«ጠጋ በል! እንዴ፣ ሚስትህ እኮ ናት!»

ጠጋ አልሁ።

«እጅህን ትከሻዋ ላይ አድርግ። ኧረ እንደሱ አይደለም፣ የስኳር ከረጢት የተሸከምህ አስመሰልኸው!»

ሚስቴ በሳቅ ፍርስ አለች። ልጁ ሳቋን ሊያነሣ ሲል ደግሞ እናቴ «ሻሽሽ ተንሸራተተ» ብላ መካከላችን ትገባለች። ጀልባ ላይ ስንወጣማ ባሰ። ሞተሩ ሲነሣ «ያ አላህ!» ብላ በእኔና በእሷ መካከል ዘፍ አለችና የሁለታችንንም እጅ ጨመቀች። ሐይቁ ጸጥ ያለ ነበር፤ የምትነዋወጠው እሷ ብቻ ነበረች። ከሁሉም ያማረው ፎቶ ያ ሆነ፤ ሦስታችንም አፋችንን ከፍተናል።

እናቴ ዳር ወርዳ ዝሁር ስትሰግድ እኛ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሚስቴ ውኃውን እያየች «እዚያ ስትመጣ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ።

«ጨርቅ እሸጣለኋ።»

«እዚያ ሰው ጨርቅ ገዝቶ አያሰፋም። የተሰፋ ነው የሚገዛው።»

ፊቴ ተቀየረ። የገበያው ቀልድ ለካ ውስጤ ገብቶ ነበር። «እንግዲያው አንቺ ቤት ተቀምጬ ልጦር ነዋ» አልኋት።

ዞር ብላ አየችኝ። «አንቺ ቤት? ወላሂ ይችን ቃል ሁለተኛ እንዳልሰማት። ስድስት ወር በረዶ እየረገጥሁ ሥራ የምመላለሰው ለማን መሰለህ? ደክሞኝ ስገባ የማዋራው ሰው እንዲኖር ነው። ሥራውን አብረን እንፈልጋለን።»

እናቴ ሶላቷን ጨርሳ ስትመጣ ሁለታችንም ዝም ብለናል። «ተጣላችሁ?» አለች። «አልተጣላንም» አልናት እኩል። «መጣላቱስ ደግ ነበር፤ ያገባ ሰው ያስመስላችኋል» አለችና ዓሣ እንብላ ብላ አስነሣችን።

ሚስቴ ተመለሰች፤ እኔ መጠበቁን ቀጠልሁ። እሷ ሌሊት ሠርታ ጠዋት ቤቷ ስትገባ እኛ ዘንድ ከቀትር በኋላ ነው፤ ገበያው የሚደምቅበት ሰዓት። ስልኩን ጣቃው ላይ አስደግፌ እያወራኋት እለካለሁ። የታካሚዎቿን ነገር ጀምራ መሐል ላይ እንቅልፍ ይጥላታል። ስልኩን መዝጋት አልወድም ነበር። አንድ ቀን ከሰባታሚት የመጡ ሴትዮ ለልጃቸው ጨርቅ እየመረጡ ጆሯቸውን አቀኑ።

«ምንድን ነው የሚያንኮራፋው?»

«ባለቤቴ ናት።»

ከባንኮው ሥር አጎንብሰው ፈለጓት። «የት ተኝታ?»

«ካናዳ።»

ሴትዮዋ አልሣቁም። «ታዲያ ቀስ ብለህ ቅደደው፣ እንዳትቀሰቅሳት» አሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዋጋ ተከራከሩኝ።

በመጨረሻ ለቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ ካናዳ ኤምባሲ ተጠራሁ። አባቴ የራሳቸውን ኮት አለበሱኝ፤ ትከሻው ይሰፋኛል። ጠያቂው ረጋ ያለ ጎልማሳ ነበር፤ ከጎኑ አስተርጓሚ ተቀምጧል። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ገለጠና ጣቱን አሳረፈ።

«በሁሉም ፎቶ መካከል ላይ ያሉት ሴት ማን ናቸው?»

«እናቴ ናት።»

«አብረውህ ሊሄዱ ነው?»

«ኧረ የለም! ጀልባ እንኳ ትፈራለች፤ አውሮፕላን አትሞክርም።»

ፈገግ አለና ስለ ሚስቴ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር እንድነግረው ጠየቀኝ። ያጠናሁት ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። የትውልድ ቀኗ፣ የመንገዷ ስም፣ ምኑም የለም።

«ታንኮራፋለች» አልሁ።

አስተርጓሚው ዞሮ አየኝ። «እንዳለ ልተርጉመው?»

«ተርጉመው። ግን ሁልጊዜ አይደለም። ሌሊት ስትሠራ ካደረች ብቻ ነው። መጀመሪያ በቀስታ ነው፤ ከዚያ እንደ ጀልባ ሞተር አንዴ ይነሣና ይጠፋል። ሱቅ ሆኜ ነው የምሰማት። ካልሰማሁ በሰላም መግባቷን አላምንም።»

ሲተረጎምለት ጠያቂው ብዕሩን አስቀምጦ ከልቡ ሣቀ። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ ጥቂት ነገር ነው።

ያን ቀን ለሚስቴ ነገርኋት። እንዴት እንደ ጮኸች! «ለመንግሥት? ለመንግሥት ታንኮራፋለች ብለህ ተናገርህ? ተጽፎ እኮ ይቀመጣል!» ስልኩን ዘጋችብኝ። ሳምንት አኮረፈችኝ። ፈቃዱ የመጣ ዕለት ግን ራሷ ደውላ፣ እያለቀሰችና እየሣቀች፣ «በል ና እንግዲህ፣ ከቅርብ ስማው» አለችኝ።

ካናዳ ስደርስ አየር ማረፊያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እናቴ እዚያ አልነበረችም፤ ሆኖም ሁለታችንም ለመተቃቀፍ ትንሽ አፈርን። ከዚያ የመኪና ቁልፍ ከኪሷ አወጣች። ስትነዳ አይቻት አላውቅም ነበር። እንደ ሹም አቦ ባጃጅ እየተሹለከለከች ስትሄድ እኔ የበሩን እጀታ ይዤ ዱዓ አደርጋለሁ።

«ምነው ዝም አልህ?»

«መንዳት መቻልሽን አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቅኸኝም።»

አሁን መጋረጃ የሚሰፋበት ቤት ተቀጥሬ እቆርጣለሁ፤ ከጨርቅ ጨርሶ አልተለየሁም። እሑድ እሑድ ደግሞ ባዶ ሜዳ ወስዳ መንዳት ታስተምረኛለች። መሪውን ከእጄ ትነጥቃለች፤ እኔ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ እላለሁ፤ እሷ መስኮት ዝቅ አድርጋ ከጎኔ በቀስታ እየነዳች «ግባ ብርዱ ይገድልሃል» ትለኛለች። ጥቂት እራመድና እገባለሁ።