የጌጡ ኤሊና የመስኮቱ ፀሐይ

ዛሬ ጧት የልጅ ልጄ ሶስና በስልኳ የአንድ ጠርሙስ ሥዕል አሳየችኝ። አረንጓዴ ውሃ የሚያጠራ መድኃኒት ነው አለች። ኤሊዋን የምታኖርበት የመስታወት ሣጥን ሳሎን መስኮት ሥር ተቀምጦ ጎመን የተቀቀለበት ውሃ መስሏል። ታጥበዋለች፣ መልሶ ይለብሳል። ትምህርት ቤት አልጌ ይባላል ብለው አስተምረዋታል፤ እንዴት እንደሚወገድ ግን የነገራት የለም።

"እማማ፣ ልግዛው?" አለችኝ።

"ምንም እንዳትጨምሪበት" አልኳት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ደነገጠች። እሷ ምን ታድርግ። እኔ ይህን አረንጓዴ ነገር የማውቀው እናቷ ሳትወለድ ነው።

ወንድሜ ጌጡ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ከሾላ ዛፍ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። ሐኪም ቤት ጀሶ አደረጉለትና ለብዙ ወር እንዳይነሳ ብለው ወደ ቤት መለሱት። ቤታችን እዚሁ ጎንደር፣ አባቴ በመሪጌትነት ከሚያገለግልበት ደብር ዝቅ ብሎ ነበር። መንገድ የሚያሳይ መስኮት አንድ ብቻ አለን። እናቴ እሱን ለጌጡ ሰጠችው፤ አልጋውን ሥሩ አስጠግታ፣ ትራሱን ከፍ አድርጋ፣ "ዓለሙን እያየህ ተኛ፣ የኔ ጌታ" አለችው። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ሸጋ ቦታ አገኘህ ይለዋል። እሱ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ይውላል። እኛም ልቡ መንገዱ ላይ ነው ብለን ተውነው።

ቤቱን ያስጨነቀው ምግብ መተዉ ነበር። እናቴ እየለመነች ብታጎርሰው ሁለቴ ዋጥ አድርጎ አፉን ይገጥማል። ጉንጩ ጎደጎደ። ይሄኔ ነው አያ ደምሴ የምንለው አጎቴ፣ ከኮላ ድባ በማኪናው ጤፍ ጭኖ ሲመጣ፣ ከጣና ዳር ረግረግ የተያዘች ኤሊ በባልዲ ይዞለት የደረሰው። መስታወት ከሚቆርጥ ጓደኛው ዘንድ ሣጥን አሠራላትና መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከጌጡ አፍንጫ ፊት አስቀመጣት። ጌጡ ያን ቀን ሽሮውን ጨረሰ። እሷ አንገቷን ስታወጣ እሱ ይጎርሳል። እናቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ስትወጣ ሽንኩርት ነው አለችን።

ወሩ መጋቢት፣ ጾሙ ሁዳዴ ነበር። የመጋቢት ፀሐይ ደግሞ መስኮቱ ላይ ከገባ አይወጣም። ጌጡ ኤሊ ሥጋ ትወዳለች ቢል እናቴ "በሁዳዴ ሥጋ ከዚህ ቤት አይገባም፣ እሷም ትጹም" አለች። ስለዚህ የእንጀራ ፍርፋሪ ተበተነላት። እኔ ደግሞ እናቴ ዞር ስትል ከጓሮ ትል ቆፍሬ እጨምርላታለሁ፤ ትሉ ጾም ያስገድፍ አያስገድፍ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብዙ ሳይቆይ መስታወቱ አረንጓዴ ለበሰ። ሲነኩት ያሟልጫል፣ ጠረኑ የረግረግ ነው። ኤሊዋ አልታይ አለች፣ ጌጡም ምግቡን መልሶ ተወ።

እናቴ እልህ ያዛት። ለማኅበር ጠላ ስትጠምቅ ጋኗን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ፣ በወይራ ጭስ አጥና ነው፤ በዚህ ሥራ ማንም አይደርስባትም። "ስንት ጋን ያጠራሁ ሰው ይቺ ሣጥን ታሸንፈኝ?" አለችና ኤሊዋን ባልዲ ውስጥ አስቀምጣ መስታወቱን በግራዋ ፈተገችው። ከዚያም ደፍታ በወይራ አጠነችው። መስታወቱስ አበራ። ግን የግራዋው ምሬትና ጭሱ ውስጡ ቀርቶ ኖሮ፣ ኤሊዋ ገና ስትገባ አንገቷን ሰብስባ ዓይኗን ጨፈነች። ጌጡ "ሞተች" አለና በብርድ ልብሱ ተከናነበ። እናቴ ኤሊዋን ፈጥና አወጣቻት። ውሃውን ደፍተን፣ ደጋግመን አለቅልቀን መለስናት። በማግስቱ አንገቷ ብቅ ሲል ሁላችንም እፎይ አልን። ሳምንት ሳይሞላ ግን አረንጓዴው ተመልሶ መጣ።

ሳጥበው አንድ ነገር አየሁ። ፀሐይ በሚመታው ጎን አረንጓዴው ወፍሯል፣ የጌጡ ትራስ በሚጋርደው ጎን ግን መስታወቱ ንጹህ ነው። ጓዳ ያለው እንስራችንም አረንጓዴ ለብሶ አያውቅም፣ ደጅ ያለው በርሜል ነው ሁልጊዜ የሚለብስ። ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ በነገር አይቸኩልም፤ ዞሮ ዞሮ አየና "ፀሐዩ ያበቅለዋል፣ ፍርፋሪው ደግሞ ፍግ ሆኖታል። ወደ ጓዳው በኩል ይሁን፤ በልታ የተረፋትም ቶሎ ይውጣ" አለ።

"ታዲያ ልጄ በምን ያያታል?" አለች እናቴ።

"አልጋውም አብሮ ይዛወራላ።"

"ምነው መሪጌታ፣ ያለችውን አንድ መስኮት ይነፍጉታል? ጨለማ ውስጥ ላስተኛው?"

ጌጡ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ "እኔ መቼ መስኮት ጠየቅኋችሁ?" አለ። ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን። "ቀኑን ሙሉ ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ ነው የምታሳዩኝ። ወደ ውስጥ አስገቡኝ።"

እናቴ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ፊቱን አየችው። ያንን ሁሉ ጊዜ ደግ የሠራን መስሎን፣ እግሩ ታስሮ የሚሮጡትን እንዲያይ ፈርደንበት ነበር።

አልጋውን ወዲያው አነሳነው፤ ጓዳው በር አጠገብ፣ አባቴ ተማሪዎቹን ዜማ ከሚያስጠናበት መደብ ጎን። ኤሊዋም ራስጌው በርጩማ ላይ ሆነች። ፍርፋሪውን ቀነስን፣ ውሃውን በየጊዜው በከፊል ቀየርን፤ አረንጓዴው ጨርሶ ባይጠፋም ጠርቶ ሰነበተ። ጌጡም በላ። እናቴ ወጧን እያማሰለች ታወራዋለች። ተማሪዎቹ ሲሳሳቱ ከአልጋው ላይ ያርማቸዋል፤ አባቴ "አንተ ዝም በል" ይላል፣ ፊቱ ግን ይስቃል። ከዚያ ወዲህ እናቴ ጧት ጧት "ዛሬስ ወዴት ላድርግህ?" ሳትለው ትራሱን ነክታ አታውቅም። ጌጡ ድኖ፣ ትንሽ እያነከሰ፣ በአያ ደምሴ ማኪና ጣና ዳር ወርዶ ኤሊዋን ራሱ ለቀቃት።

ይህንን ለሶስና ነግሬያት መስታወቱን ከመስኮቱ አርቀን ኮሪደሩ ላይ አስቀመጥነው። እኔ ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ልጄ፣ የሶስና እናት፣ ጧት ጧት መንገዱን እንዳይ ብላ በረንዳው ላይ ታስቀምጠኛለች። ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ወደ ጉዳዩ ሲጣደፍ ብቻዬን እያየሁ ስውል ግን ሆዴ ይባባል። እንዳላስከፋት ብዬ ዝም ብዬ ኖርኩ።

"ሶስና፣ እኔንም ወጥ ቤቱ በር አጠገብ አስቀምጡኝ፤ ወሬያችሁን ልስማ" አልኳት።

"እማማ፣ ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪን?"

"ማን ጠይቆኝ፣ ልጄ" አልኳት።