ለሙከራ የምትሆን ሸክላ

ሰፈሩ «ሊቁ» ይለዋል። እሱ የምር መስሎታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው ለእንደዚህ ዓይነቱ ካልሆነ ለማን ነው? ባለ ሱቁ፣ ጫማ ሰፊው፣ ፎቅ ላይ የምትኖረው ጡረተኛ አስተማሪ ሳትቀር «ሊቁ መጡ፣ ሊቁ አለፉ» እያሉ ከንፈራቸውን ነክሰው ሲስቁ፣ እሱ ደረቱን ነፍቶ ያልፋል። ከእኔ በላይ ላሳር!

ሥራው የድሮ ግራሞፎን መጠገን ነው፤ ያ በእጅ እየተጠመዘዘ የሚሞላው፣ ኤሌክትሪክ የማያውቀው፣ ባለ ትልቅ ጡሩምባው። እውነት ለመናገር እጁ የተባረከ ነው። የተጠቀለለ ሞላ ከማቀፊያው ሲወጣ ካመለጠ ጣት ይዞ ይሄዳል፤ እሱ ግን በሠላሳ ዓመት አንድ ጭረት የለበትም። እንደ ሙጫ የደረቀውን የድሮ ግራሶ በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ ሞላውን አድርቆ፣ አዲስ ግራሶ ቀብቶ መልሶ ሲጠቀልለው ላየ ሰው ያስቀናል። አፉ ባይኖር ኖሮ ምንኛ ደግ ሰው ይሆን ነበር!

አንዱ ደንበኛ ጡሩምባውን ወልውሎ፣ ወርቅ አስመስሎ ያመጣለታል።

«ማነው ይሄን እንዲህ ያንቆጠቆጠው?»

«እኔ ነኝ፤ እንዲያምር ብዬ።»

«ድስት መሰለዎት እንዴ ሰውዬ?»

አንዷ ደግሞ በአንዲት መርፌ ዓመት ሙሉ ስታጫውት መክረሟን ሳታስበው አወራችለት። «መርፌ ለአንድ የሸክላ ገጽ ብቻ ናት! አንዴ ከሄደች ትጣላለች! እርስዎ በሰው የጥርስ ቡሩሽ ይቦርሻሉ?» ብሎ ጮኸባት፤ ሴትዮዋ ዕቃዋን ሳትይዝ ደረጃውን ወረደች። ባለ ሆቴሉማ ባይነሳ ይሻላል። «ባይሠራም ግድ የለኝም፤ ለእንግዳ መቀበያው ጌጥ ነው የምፈልገው» ቢል፣ «እንግዲያው ጡሩምባው ውስጥ አበባ ይትከሉበት!» ብሎ በሩን ዘጋበት። በዚህ ሁሉ ደግሞ ማታ ማታ ይኩራራል። ለማን? ለሚስቱ ነዋ! ሌላ ማን ይሰማዋል?

ሚስትየው ልብስ ንጽህና መስጫ ውስጥ ተኳሽ ናት። ሙሉ ቀን በእንፋሎት ስትቀቀል ውላ፣ እግሯ አብጦ ትገባለች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛው አልጋ፣ ሌላው አርባ አንድ ግራሞፎን። በመካከላቸው በጎን ነው የምታልፈው። አርባ አንድ ግራሞፎን ባለበት ቤት ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ዘፈን ተሰምቶ አያውቅም፤ ጉድ እኮ ነው! ለምን ቢሉ፣ ሊቁ አንድም ዕቃ «አለቀ» ብሎ አያውቅማ። አንዱ ሞላው ይቀረዋል፣ አንዱ ጎማው፣ አንዱ ደግሞ ስሜቱ ይቀረዋል።

አንድ ሕግ አለው። ያልተሞከረ ሞተር ላይ ጥሩ ሸክላ አይቀመጥም። አዲስ ሞላ ሊያስፈነጥር ይችላል፣ መርፌ ያዡ ክንድ ሊዘል ይችላል። ስለዚህ ከጠረጴዛው ሥር የተቧጨሩ፣ ጠርዛቸው የተሸረፈ፣ ማንም የማይፈልጋቸው ሸክላዎች የሞሉበት ሣጥን አለ። «የቆሻሻው ሣጥን» ይለዋል። የጠገነውን ሁሉ የሚሞክረው በእነሱ ነው። ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው፤ ቆሻሻው የቱ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው።

የሚስትየው እናት የሞተችው እሷን በስምንት ወሯ ትታት ነው። ፎቶ የለ፣ ቀለበት የለ፣ ምንም የለ። ያሳደገቻት አክስቷ ዘንድሮ ስታርፍ፣ ከሣጥኗ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለች፣ የሻይ ሳህን የምታክል ሸክላ ተገኘች። ድሮ ባዛር ላይ፣ ሳንቲም ከፍሎ የተናገረውን ሰው ድምፅ እዚያው ሸክላ ላይ የሚቀርጽ ድንኳን ነበረ አሉ። ከሸክላዋ ጋር በብረት መርፌ ፈንታ የሚገጠም የእሾህ ዘንግ የሞላባት የክብሪት ቀፎና በአክስትየው እጅ የተጻፈች ወረቀት ነበረች፦ «የእናትሽ ድምፅ ነው። ብረት እንዳታስነኩት፤ በእሾህ ብቻ።»

ሚስትየው በሁለት እጇ ይዛ አመጣችለት። «የእናቴ ድምፅ ነው። ሰምቼው አላውቅም» አለችው።

ሊቁ ገልበጥ አድርጎ አየና ከንፈሩን ጣለ። «ይቺ? ይቺ ደግሞ ሸክላ ተባለች? ቆርቆሮ ላይ ጥቁር ቀለም ለቅልቀው፤ የባዛር መጫወቻ!» ቀፎዋን ሲከፍታት ጭራሽ ሳቀ። «እሾህ! እሾህ እግር ላይ ነው የሚያስለቅስ፤ ሸክላ ላይ ምን አባቱ ይሠራል? ደግሞስ አክስትሽ የግራሞፎን መሐንዲስ የሆነችው መቼ ነው?»

ይህን እሱ የማያውቀውን ነገር ማንም ጀማሪ ያውቀዋል። ለስላሳ ሸክላ በብረት መርፌ እንደማይነካ በየመጽሐፉ ተጽፏል፤ እሱ ግን መጽሐፍ የሚገልጠው ስህተት ሊለቅምበት ነው። ቀፎዋን ቅርጫት ውስጥ ወረወራት። ሸክላዋን ደግሞ፣ ሌላ ቦታ አጥቶ ይሁን ንቆ፣ የቆሻሻው ሣጥን አናት ላይ ጣል አደረጋት።

«ይሄ ትልቁ ሲያልቅ እሁድ አሰማሻለሁ።»

እሁድ መጣ፣ ሄደ። ሌላም እሁድ። «ደረሰ?» ትላለች። «ሞላው ገና ነው።» «ከሌሎቹ በአንዱስ?» «ያልተሠራ ዕቃ ላይ?» አንድ ቀን ትንሽ ብትገፋው ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ሃምሳ ስምንት ዓመት ጠብቀሽ የለ? ሦስት ሳምንት ምን አላት!» ምላሱን ይቁረጠው! በሦስተኛው ቅዳሜ «ነገ፣ በእርግጠኝነት» አላት፤ አመነችው። የሰው ልብስ ስትተኩስ የኖረች ሴት፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ቀሚስ ይዛ ሥራ ገባች፤ ለነገ ልትተኩሰው።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ትልቁ ግራሞፎን አለቀ። መሞከር አለበት። እጁን ወደ ሣጥኑ ሰደደ፤ ከላይ ያለችው ትንሿ ናት። አላወቃትም እንዳትሉኝ! አሳምሮ አውቋታል። «ነገ ለምትሰማ፣ ዛሬ ብትሞከር ምን አለበት» አለ። አዲስ የብረት መርፌ ገጠመ፤ አሮጌ መርፌ እሱ? በዚህስ አይታማም! ዙሩን ለመቁጠር ከሸክላዋ ጠርዝ ሥር ቁራጭ ወረቀት ሻጥ አደረገ፤ ግራ እጁ ላይ ሰዓቱን ያዘ። በደቂቃ ሰባ ስምንት ዙር መምጣት አለበት፤ አንድ ሳይበዛ፣ አንድ ሳያንስ።

ጡሩምባው ተንፈስ አለና የሴት ድምፅ ወጣ። ሊቁ ዓይኑ ወረቀቷ ላይ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ደቂቃው ሲሞላ ሰባ አራት። የፍጥነቱን ብሎን ትንሽ አዞረ። ሴትዮዋ ትናገራለች፤ እሱ ይቆጥራል። ሰባ ስድስት፣ ሰባ ሰባት፣ ሰባ ስምንት! «ልክ ነው!» ብሎ ጉልበቱን መታ። ሸክላዋ አለቀች።

ክንዱን ሲያነሳ መርፌው ላይ ጥቁር ክር ተጠቅልሏል። ፀጉር መሰለው። መርፌ ቀየረና እንደገና አስጀመረ። ችስስስ። ደግሞ ቀየረ። ችስስስ። ሸክላዋን መስኮት ላይ ወስዶ ሲያያት፣ ቀለሙ በመስመር በመስመሩ ተልጦ ቆርቆሮው ነጭ ሆኖ ያበራል። ያን ጊዜ ገባው። ዘግይቶም ቢሆን ገባው፣ ለሊቁ።

ሚስትየው የተተኮሰ ቀሚሷን በክንዷ አንጠልጥላ ስትገባ፣ ሸክላዋን የግራሞፎኑ መዞሪያ ላይ አየቻት።

«መጀመሪያውኑ የተበላሸች ናት» አላት ሳትጠይቀው። «አክስትሽ ሙቀት ላይ አስቀምጣት…»

«ተጫወተች?»

«አንዴ።»

«አንተ ሰማሃት?»

«አዎ፣ ሰማኋት።»

ትጮህበታለች ብላችሁ ስትጠብቁ የሆነውን ታውቃላችሁ? አልጮኸችም። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ እንደ ራበው ሰው። «ምን አለች?»

ሊቁ አፉን ከፈተ። ጭንቅላቱ ውስጥ ፈለገ። ሰባ አንድ፣ ሰባ ሁለት፣ ሰባ ሦስት። ሌላ የለም።

«ድምፅዋ ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም?»

«ደህና ነው… ፍጥነቱ ልክ ነበር።»

«ትስቃለች?»

«እ…»

«ሰውዬ! አንዲት ቃል። አንዲት ቃል ብቻ ንገረኝ።»

ዓይኗን ሲያይ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው አዘነ መሰለኝ፤ ማዘን ግን አልለመደማ፣ ዋሸ። «ጠርታሻለች። ስምሽን ጠርታለች።»

ፊቷ በራ። «ምን ብላ?»

በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር ሲጠራት የኖረውን ስም፣ ጥርት አድርጎ፣ ጠራላት።

ሚስትየው ቀስ ብላ ተነሳች።

«ይሄን ስም ያወጣችልኝ አክስቴ ናት፣ እናቴ ከተቀበረች በኋላ። ስንቴ ነግሬሃለሁ! እናቴ በሌላ ስም ነበር የምትጠራኝ።»

«ማን ብላ?» አላት።

«እሱን ልሰማ ነበር» አለችው።