ብርዱ እንዳይወጣ

ያን ቀን እስራኤል አገር፣ ሀደራ ከተማ ላይ ሻራቭ የሚሉት የበረሃ ሙቀት ወርዶ ነበር። የበረሃው ነፋስ ከእቶን አፍ የወጣ ይመስላል፤ የቤት ኤሊዔዘር ሰፈር ውሾች እንኳ መጮህ ታክቷቸው ከፎቁ ጥላ ስር ተዘርረዋል።

ቀለሙ ግን ሙቀት አያውቀውም። የአሮጌ መኪናውን መዝጋን፣ የአየር ማቀዝቀዣውን፣ በገዛ እጁ ጠግኗላ። የጋራዡ ሰው ጊል፣ "ቱቦው ተበስቷል፤ ሳይቀየር ጋዝ ብትሞላበት ያፈሰዋል" ቢለው፣ "ሊበላኝ ነው" ብሎ ጥሎት መጣ። ቱቦውን በፕላስተር ጠቀለለ፣ ከሱቅ የገዛውን ጋዝ ሞላ፤ መኪናዋም ለአንድ ቀን ቀዘቀዘች። ያን ቀን ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራ ቀዝቃዛውን አየር በእጃቸው አስነካ። ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ ዘንድ ቀለሙ ባለሙያ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ቱቦው ግን በማግስቱ ለቀቀ። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ደብሬ ብቻ ናት፤ መስኮት ተዘግቶባት አጠገቡ የምትቀቀለው እሷ ናትና።

"መዝጋን እያለው መስኮት የሚከፍት ማን አለ?" ይላታል።

እናም የጎረቤታቸው የሸዋጌጥ ልጅ ስታገባ፣ ሠርጉን የሚባርኩትን ሽማግሌ ቄስ ሀዲስን ማን ያምጣ ሲባል፣ ሰው ሁሉ ወደ ቀለሙ ዞረ።

"ብርድ ብርድ እያላቸው ነው የማደርሳቸው" አለ።

ቄሱ ነጭ ሻሻቸውን ጠምጥመው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ከፊት ተቀመጡ። ነቬ ሐይም ሰፈር ሳይደርሱ ላባቸው በጢማቸው ይወርድ ጀመር። ከኋላ የተቀመጠችው ደብሬ መስኮቱን ልትከፍት እጇን ሰደደች።

"ተይ፣ ብርዱ ይወጣል" አላት ቀለሙ።

"የቱ ብርድ?"

"አሁን ይጀምራል። ትንሽ ይታገሱኝ፣ ቄስ።"

ቄሱ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። "ልጄ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ብርዱ ይውጣ፣ ግዴለም። እኛም አብረነው እንውጣ።"

መብራት ሲይዛቸው በሩን ከፍተው ወረዱ። ደብሬም ተከተለቻቸው። ፌርማታው ላይ በቆመው አውቶቡስ ውስጥ የሠርግተኛው ግማሽ ነበር።

"እንዴ ቄስ፣ ከቀለሙ ጋር አልነበሩም?" አለች አስመረች የምትባል ጎረቤት፣ ተነስታ ቦታ እየለቀቀች።

"ነበርኩ። በስያለሁ ብዬ ወረድኩ።"

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ደብሬ በኋላው መስታወት አየች፤ ቀለሙ መስኮቱን እንደዘጋ ይከተላቸዋል፤ በአንድ እጁ ግንባሩን እየጠረገ በሌላው ሰላምታ ይሰጣል። መሪውን ማን እንደያዘው እንጃ።

ሠርጉ ተባረከ፣ ሙሽሮቹም ወልደዋል። ቀለሙ ዛሬም እዚያው ቤት ኤሊዔዘር ነው፤ መኪናዋን መስኮቷን ዘግቶ፣ ብቻውን ይነዳታል።