በጆሮዬ የለየሁት ብር

አሜሪካ፣ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር አንዲት ጠባብ አፓርታማ ከአንድ ባለዲግሪ ጋር ተጋርተን እንኖር ነበር። እሱ ዲግሪ አለው፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምንሠራው ግን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ነው፣ ደመወዛችንም እኩል። ይህ ያበሽቀዋል። ብሽቀቱን የሚወጣው በኔ ደብዳቤ ነበር። ሚስቴ በመሠረተ ትምህርት ጽሕፈት ተምራ ከደሴ ትጽፍልኛለች፤ እሱ እንግዳ እስኪሞላ ጠብቆ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል። "ትራስህን አቅፌ ነው የማድረው" የሚለው ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠርጎ ይደግመዋል። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ?

"ፊደል አስቆጥረኝ" ብዬ ስንቴ ለምኜዋለሁ።

"አንተ ሰውዬ፣ የደረቀ ግንድ ይቃናል እንዴ?" ነው መልሱ።

አንድ ቅዳሜ ስለ አሜሪካ ሳንቲም ታሪክ የሚያወራ መጽሐፍ ከላይብረሪ ተውሶ መጣና ይተነትንልኝ ጀመር። ድሮ የወርቅ ገንዘብ ነበራቸው አለኝ፤ ኢኮኖሚያቸው በወደቀበት በችግሩ ዘመን መንግሥት ሕዝቡን ወርቅህን አምጣ ብሎ ሰበሰበና በወረቀት ለወጠው። እኔ እንዲህ የሚያደርግ የኛ መንግሥት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ባለ አሥሩ ዳይምና ባለ ሃያ አምስቱ ኳርተር ደግሞ ብር ነበር፤ በፈረንጅ ስልሳ አምስት ላይ ብሩን አወጡና መዳብ በኒክል ለብጠው ሰጧቸው።

"ሶ፣ ከስልሳ አምስት በፊት የተሠራ ነጭ ሳንቲም ሁሉ ብር ነው። ማንበብ የሚችል ይለቅመዋል።"

"ሳላነብ ብበልጥህስ?"

ሳቀ። ተወራረድን። ከረታኝ ዓመት ሙሉ ሽንት ቤቱን እኔ ላጥብ፣ ከረታሁት ፊደል ሊያስቆጥረኝ። ደሴ ብር አንጥረኛ ዘንድ ስንት ዓመት እንደሠራሁ አልነገርኩትም። አልጠየቀኝማ።

ዳኛችን እዚያው ሰፈር አሮጌ ሳንቲም የሚሸጥ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። የተደባለቀ ሳንቲም በጭብጡ አፍሶ የመስታወት ባንኮኒው ላይ ዘረገፈልን። ባለዲግሪው ቀደመ። መነጽሩን አድርጎ ዓመቱን እያነበበ አሥራ አንድ ለቀመ። ሽማግሌው በወረቀት ጻፈና መልሶ ደባለቃቸው።

እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አንድ በአንድ መስታወቱ ላይ ጣልኳቸው። ብር ሲወድቅ ይዘፍናል፣ ድምፁም ቶሎ አይሞትም፤ ሌላው ኳ ብሎ ይቀራል። ሰባት ለየሁ።

"አራቱ አመለጡህ" አለኝ ባለዲግሪው፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ።

ሽማግሌው አራቱን ወደሱ ገፋቸው። አራቱም ባለ አምስት ሳንቲም ናቸው።

"እነዚህ አርጅተዋል እንጂ ብር አይደሉም" አለው። "ባለ አምስቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቀር ብር ገብቶበት አያውቅም።"

"መጽሐፉ ላይ እኮ..."

"መጽሐፉማ ይለዋል" አልኩት በአማርኛ። "አንተ ሳትጨርሰው ነው።"

ቃሉን ግን አላጠፈም። ክረምቱን ሙሉ ጥርሱን ነክሶ ከ"ሀ" እስከ "ፐ" አስቆጠረኝ። ስሳሳት "ግንድ" ይለኛል፤ ስደግመው ግን ያዳምጣል።

ቀጣዩ ደብዳቤ ሲመጣ ሽንት ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። በሩን ደበደበ።

"ወንድሜ፣ ምን ትላለች?"

"ትራሱ ደህና ነው" አልኩት።

ከገጹ ግርጌ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር፦ "ለሚያነብልህ ወንድማችን ሰላም በልልኝ፣ ፈጣሪ ውለታውን ይክፈለው።" አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሰላምታውን እስከ ዛሬ አላደረስኩለትም።