ሰርቪስ ያደረገ ከኋላ ይቀመጣል

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ ውስጥ ጋሽ ሙሄ ሳይክል ቤት በር ላይ ነጭ ጋዋን ለብሼ ቆምኩ። ጋዋኑ የማስተማሪያዬ ነው፤ ሌላ የሥራ ልብስ አልነበረኝም። ጋሽ ሙሄ ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝና፣

"መምህር፣ ሳይክሉን ልታክመው ነው ልትገንዘው?" አሉኝ።

ጋዋኑን አውልቄ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት።

እዚያ እንዴት እንደደረስኩ ላስረዳ። በማስተማር ሥራ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ሳይንስ ነው የማስተምረው። ከቤቴ ትምህርት ቤት የምመላለሰው በሳይክል ነው። ከዚያች ቅዳሜ ሳምንት በፊት ሳይክሌን ለጋሽ ሙሄ ሰጥቼ ሙሉ ሰርቪስ አስደርጌ ነበር። ስቀበለው ግን ያው ነው። ቀለሙ ያው፣ ኮርቻው ያው፣ የተቀደደው የመሪ ላስቲክ እንኳ ያው።

"ጋሽ ሙሄ፣ ምኑ ነው የተሠራው?" ብዬ ጠየቅኩ።

"ምኑም አልተበላሸም ነበር።"

"ታዲያ ለምንድን ነው የከፈልኩት?"

"እንዳይበላሽ።"

ይህ መልስ ለሳይንስ መምህር አይበቃም። ፊቴን አይተው ሳቁ። "ቅዳሜ አታስተምርም አይደል? ናና በገዛ እጅህ ፍታው። ያልተሠራ ነገር ካገኘህ፣ ወላሂ የከፈልከውን እመልስልሃለሁ" አሉኝ። ለአንድ ቅዳሜ ብዬ ሄድኩ። አራት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ሠራሁ።

በመጀመሪያው ቀን የሳይክሌን የኋላ ቸርኬ አስፈቱኝ። መሃሉ ላይ ባለው እምብርት ውስጥ ትንንሽ የብረት ኳሶች በግራሶ ተነክረው ተቀምጠዋል። ጎማው የሚዞረው በእነሱ ላይ ነው። ጋሽ ሙሄ በሰርቪሱ ጊዜ ከሳይክሌ ያወጡትን አንድ አሮጌ ኳስና አንድ አዲስ መዳፌ ላይ አድርገው "አንከባላቸው" አሉኝ። አዲሱ ሸርተት ብሎ ሄደ። አሮጌው እየተንገጫገጨ ቆመ፤ ተበልቶ ተቦርቡሯል።

"ይህን ከውጭ ታየዋለህ?"

"አላየውም።"

"እኔም አላየውም። እሰማዋለሁ እንጂ።"

ከዚያ አንድ የደንበኛ ሳይክል ከመሬት ስንዝር ያህል አንስተው ለቀቁት። ሲያርፍ አዳመጡ። "የፊቱ እምብርት ላልቷል፣ ካቴናው ደርቋል፣ ሁለት ራጂ ረግበዋል" አሉ። ፈታሁት። ራጂ የሚባሉት ቸርኬውን ወጥረው የሚይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው፤ ሁለቱ በእርግጥም ረግበዋል። የቀረውም እንዳሉት ነበር። ስለከፈልኩት ገንዘብ ሁለተኛ አልጠየቅኩም።

በቤቱ ሦስት የሠራተኛ ደረጃ ነበር። ጀማሪ ጎማ ይነፋል፣ ካለማደሪያ፣ ማለትም የውስጡን ጎማ፣ ይለጥፋል። ሁለተኛው ይፈታል። ሦስተኛው ያስራል። ማሰር የተፈታውን ሁሉ መልሶ መግጠም ነው፤ ከጋሽ ሙሄ በቀር ያን የሚሠራ አልነበረም። እኔ መንፋቱን በአንድ ዓመት ጨርሼ ወደ መፍታት አለፍኩ።

ሥርዓት ስለምወድ የሰርቪሱን ሥራ በአሥራ ዘጠኝ ተራ ቁጥር ከፍዬ ካርቶን ላይ ጻፍኩና ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። በእያንዳንዱ ፊት የ"ተፈጽሟል" ሳጥን አለ። ጋሽ ሙሄ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

"ቆንጆ ነው" አሉ። "ሳይክሉ ማንበብ ይችላል?"

የቤቱ ትልቁ ሕግ ግን ካርቶን ላይ አልነበረም። ሰርቪስ ያደረገ ሰው ከኋላ ይቀመጣል። ከሱቁ ጀርባ ወደ ጋሪ ማቆሚያው የምትወርድ ቁልቁለት አለች። ሳይክሉ እንዳለቀ ባለቤቱ ይነዳል፣ የሠራው ሰው ከኋላ መጫኛው ላይ ይቀመጣል፤ ሁለቱም ቁልቁለቷን አብረው ይወርዳሉ። ደንበኛው ሳይክሉን የሚረከበው ታች ሲደርስ ነው።

አንድ ከቢስቲማ የመጣ ነጋዴ ይህን ሲሰማ፣ "አንቱ ሰውዬ፣ ልጆች የለዎትም እንዴ?" አላቸው።

"ሰባት አሉኝ" አሉ ጋሽ ሙሄ። "ለዚህ ነው አጥብቄ የማስረው።"

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ተፈራ ለሰርቪስ መክፈልን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። "ያልታመመ ሰው ሆስፒታል አይተኛም" ይላሉ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሰኞ ደሴ ስብሰባ አለባቸው። ሲወጡ ሳይክላቸውን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ያስጭናሉ፤ ሲመለሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሳይክል ይወርዳሉ። በዚህም ይኮሩ ነበር። የፊቱን ፍሬን "ሰው ይገለብጣል" ብለው ካስፈቱት ቆይተዋል። ያን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርዱት በአንድ የኋላ ፍሬን ነው።

እኔ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻይ በተጠጣ ቁጥር ስለ ሰርቪስ ጥቅም አስረዳለሁ። አንድ ቀን አቶ ተፈራን፣ "አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩት። ልዩነቱ ካልታየዎት ሁለተኛ ስለ ሳይክል አፌን አልከፍትም" አልኳቸው።

አጠገቤ የተቀመጠችው የሒሳብ መምህርቷ ዘሃራ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "አቶ ተፈራ፣ በአላህ ይክፈሉ! እሱ ዝም ማለቱ ብቻ ያዋጣል።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ተፈራም ለቅዳሜ እሺ አሉ።

ጋሽ ሙሄ ሲሰሙ፣ "እንግዲያውስ አንተው እሰረው። ካለፍክ ሦስተኛ ደረጃ ነህ" አሉኝ። ለብቻዬ የማስረው የመጀመሪያው ሳይክል የአለቃዬ ሆነ። በእሱ ላይ ቃሌም ደረጃዬም ተንጠልጥለዋል።

እዚህ ላይ አንድ የመምህራን ልማድ መግለጽ አለብኝ። አርብ አርብ የቀጣዩን ሳምንት ዕቅድ ሞልተን ለርዕሰ መምህሩ ፊርማ እናቀርባለን። በዕቅዱ ዳር "ተፈጽሟል" የሚል ሳጥን አለ። ሰኞ ጊዜ ስለማይኖር ብዙዎቻችን ሳጥኑንም አርብ ዕለት ምልክት እናደርግበት ነበር። የማስተምረውን አውቃለሁ፣ ማስተማሬም አይቀርም፤ ታዲያ ምን ችግር አለው?

ቅዳሜ ጠዋት ካርቶኑ ፊት ቆሜ እንደ ልማዴ አሥራ ዘጠኙንም ሳጥን ምልክት አደረግኩና ሥራ ጀመርኩ።

ሥራው ያምር ነበር። እምብርቶቹን አጥቤ አዲስ ግራሶ ሞላሁ። ካቴናውን በናፍጣ ነከርኩ። ራጂዎቹን አንድ በአንድ ወጠርኩ። ተራ ቁጥር አሥራ ስድስት ላይ ደረስኩ፤ የኋላ ፍሬን ሽቦ ነው። ሽቦውን ስቤ አስተካከልኩ፣ ሽቦውን ቆልፎ የሚይዘውን ዳዶ በጣቴ አዞርኩ፣ ማጥበቂያ ቁልፉን ላነሳ እጄን ስዘረጋ አንድ ሚዜ በሙሉ ሱፍ እየሮጠ ገባ። ጎማው ፈንድቶበታል፣ ሙሽራው እየጠበቀው ነው። "ወንድሜ፣ ያለ እኔ ከቤት አይወጣም!" ይላል። አዘንኩለትና ለጠፍኩለት። ከዚያ ወደ ካርቶኑ ተመልሼ አየሁ። አሥራ ስድስት፣ ተፈጽሟል። ወደ አሥራ ሰባት አለፍኩ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ተፈራ ኮትና ክራቫት አድርገው መጡ። ዘሃራና ሁለት መምህራን ለመታዘብ ተከትለዋቸዋል። አቶ ተፈራ ኮርቻው ላይ ወጡ፤ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያው ግሩም ነበር። ሳይክሉ ድምፅ የለውም። አቶ ተፈራ ፍሬኑን ለሙከራ ያዝ አደረጉት፤ ያዘ። "እንዴ! ቅቤ ሆኗል እኮ" አሉ። ወደ ታች ቁልቁለቷ ስትበረታ እንደገና ጨበጡት። ከበስተኋላዬ ጥስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የፍሬኑ እጀታ ሄዶ ከመሪው ጋር ተጣበቀ።

"መምህር! ፍሬኑ የት ሄደ?"

በዚያች ሰከንድ የታየኝ ገደል አልነበረም። የታየኝ ካርቶኑ ነው።

"አሥራ ስድስተኛው ላይ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"ምን?"

"እግርዎን ያውርዱ! እግርዎን!"

አራት ጫማ መሬቱን እያረሰ ወረድን። ጋሪ ማቆሚያው ላይ ለፈረሶች የተከመረ ጭድ ነበር። አቶ ተፈራ መሪውን ወደዚያ ጠመዘዙት፤ ሁለታችንም ተከታትለን ገባንበት። አንድ ፈረስ ማላመጡን አቁሞ አየን። ባለጋሪው "ኧረ ጌቶች፣ እሱ የፈረስ ምሳ ነው!" እያለ መጣ።

ማንም አልተጎዳም። የአቶ ተፈራ የቀኝ ጫማ ሶል ግን ቁልቁለቷ ላይ ቀርቷል፤ ዘሃራ በሁለት ጣቷ ይዛው ወረደች።

ጋሽ ሙሄ ቁልፋቸውን ይዘው ደረሱ። ሽቦውን ወደ ቦታው መልሰው ዳዶውን ጠበቅ አደረጉት። ግማሽ ዙር እንኳ አልሞላም።

አቶ ተፈራ ያን ግማሽ ዙር አዩ። "ሰኞ ሐረጎን ልወርድ ነበር" አሉ በቀስታ።

"ለዚህ ነው መጀመሪያ እዚህ የምንወርደው" አሉ ጋሽ ሙሄ።

ከዚያ አቶ ተፈራ ጭዱ ላይ እንደተቀመጡ ስብሰባ ከፈቱ። የዚያን ዘመን ግምገማ የሚያውቅ ይረዳኛል። "በል፣ ግለ ሂስህን አቅርብ" አሉኝ።

ተነስቼ ቆምኩ። "ሳልሠራው ተፈጽሟል ብዬ ምልክት አደረግኩ" አልኩ።

"ለምን?"

"ልማድ ሆኖብኝ ነው። እንደ ሳምንቱ ዕቅድ።"

ሁለቱ መምህራን መሬት መሬት አዩ። አቶ ተፈራ፣ "ያን ዕቅድ የምፈርመው እኔ ነኝ" አሉ። ዘሃራ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ እሳቸውም ተከተሏት። ሰኞ ዕለት የዕቅዱ ሳጥን ከትምህርቱ በፊት እንዳይሞላ ማስታወቂያ ተለጠፈ።

ስንመለስ ዘሃራ፣ "ታዲያ አቶ ተፈራ፣ ያዋጣል አያዋጣም?" አለቻቸው።

አቶ ተፈራ ከፀጉሬ ላይ ጭድ አነሱ። "ከኋላዬ ባይቀመጥ ኖሮ ገንዘቤን እጠይቅ ነበር። አብሮኝ ወደቀ፤ ምን ልበለው?"

ከስድስት ወር በኋላ ሳይክሉን ለሰርቪስ ራሳቸው አመጡት። የፊቱንም ፍሬን አስገጠሙ።

እኔ ወደ መንፋት ተመለስኩ። ሦስት ወር ጎማ ነፋሁ። ጋሽ ሙሄ ካርቶኑን አልቀደዱትም፤ ምልክት የምናደርግበትን እርሳስ ከማጥበቂያ ቁልፉ ጋር በክር አሰሩት። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ሳያነሳ ምልክት ማድረግ የሚችል አልነበረም። ሦስተኛ ደረጃ የገባሁት በዚያ እርሳስ ነው።

አሁን የማስተምረው ደሴ ነው። እዚህ ዳገቱ ብዙ ስለሆነ ሳይክል ከመንዳት መግፋት ይበዛል። ባልደረቦቼ ግን ለሰርቪስ መክፈል ያዋጣ እንደሆነ ዛሬም ይጠይቁኛል። መልሴ ይህ ነው። ጎማ መንፋት፣ ካቴና ማጠብና ዘይት መቀባት የባለቤቱ ሥራ ነው፤ ለዚህ አትክፈሉ። እምብርት፣ ራጂና ፍሬን ካልለመዳችሁ ለሚያውቅ ስጡ። ከመክፈላችሁ በፊት ሠራተኛውን ከኋላ ይቀመጥ እንደሆነ ጠይቁት። እሺ ካለ ክፈሉት። ስለ ሙያው ማውራት ከጀመረ ሳይክላችሁን ይዛችሁ ሂዱ።