ጭሱ እስኪገፈፍ

ሲይዙኝ መሰላል ላይ ነበርኩ። ካዛንቺስ ውስጥ ለአንድ ፀጉር ቤት ታፔላ እየጻፍኩ ነው። «የወንዶች ፀጉር» ከሚለው የመጨረሻዋን «ር» ልጀምር ብሩሼን ቀይ ቀለም ነክሬ ሳነሳ፣ ከታች «ውረድ» አሉኝ። «ይቺን ፊደል ብቻ ልጨርስ» አልኩ። አላስጨረሱኝም።

ጥፋቴ ሌላ ጽሑፍ ነበር። በምርጫው ሰሞን ለተቃዋሚዎች ሰልፍ በነጭ አቡጀዲ ላይ መፈክር ጽፌአለሁ። መጻፌስ ደህና፤ ግን የታፔላ ጻፊ ልማድ ሆኖብኝ ከጥጉ ላይ ስልክ ቁጥሬንም ጽፌበት ነበር። ፖሊሶቹ እኔን ለማግኘት ብዙ አልደከሙም።

የገባሁባት ክፍል ለአምስት ሰው የተሠራች ትመስላለች፤ ከእኔ ጋር አሥራ ሦስት ሆንን። በረኪናና ካልሲ ትሸታለች። ከጣሪያው ሥር ባለችው ትንሽ መስኮት ሰማይ አይታይም፤ የወያላ ድምፅ ግን ቀኑን ሙሉ ይገባል። «ኡራኤል፣ ኡራኤል፣ አንድ ሰው!» ይላል። አንድ የሚኒባስ ሾፌር አብሮን ታስሮ ነበርና በተጠራ ቁጥር «እኔ አለሁ፣ ጠብቀኝ» እያለ ያስቀን ነበር።

ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማንም አልመታኝም፤ ፍርሃት ነው። ሻይ ስይዝ ግማሹ ሱሪዬ ላይ ይፈሳል። ለሌላ ሰው ይሄ ምንም አይደለም፤ ለእኔ ግን እጄ እንጀራዬ ነው። ስወጣ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር መሳብ ቢያቅተኝስ እያልኩ ተጨነቅሁ።

ሻዩ ሲፈስ ያዩኝ አጠገቤ የሚተኙ ሽማግሌ ናቸው። ላንቻ የምትኖር ልጃቸውን ሊጠይቁ ከቡልጋ ሲመጡ፣ በዚያው ሰደፉን ላስጠግን ብለው ከአባታቸው የወረሱትን ውጅግራ በጋቢ ጠቅልለው ይዘው ነበር። ውጅግራ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ፣ አንዳንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ የጥንት ጠመንጃ ነው። ፈቃድ አላቸው፤ ፈቃዱ ግን ቡልጋ፣ ሣጥን ውስጥ ቀርቷል። በዚያ ሰሞን ደግሞ መሣሪያ ይዞ አዲስ አበባ መግባት ቀልድ አልነበረም።

«ፋዘር፣ ይሄ እኮ ሙዚየም የሚገባ ዕቃ ነው» ይላቸው ነበር ሾፌሩ። «በእሱ ቦታ እርስዎ ገቡ።»

ሽማግሌው እጄን ትንሽ ሲያዩ ቆዩና፣ «ትንፋሽህን ውጠህ ነው የምትኖረው» አሉኝ። «ከገባህ ጀምሮ አንድም ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ አልተነፈስክም። ውጅግራ ይዘህ ቢሆን ሰማይ ነበር የምትመታው።»

ተነሥተው ከበሩ ጥግ የወለል መወልወያውን አመጡ። «በደረትህ ተኛ» አሉኝ። አፈርኩ፤ ግን ተኛሁ።

«ጠመንጃ በጡንቻ አይያዝም፤ ጡንቻ ሲደክም ይንቀጠቀጣል። በአጥንት ነው የሚያዘው። ክርንህን መሬት ትከል። እንጨቱ መዳፍህ ላይ ይረፍ እንጂ አንቀህ አትያዘው። ሰደፉን የትከሻህ ጎድጓዳ ውስጥ አስገባ፣ ጉንጭህን አስደግፍ። አሁን ተንፍስ። ግማሹን ልቀቅና እዚያ ላይ ቁም። ምላጩን አትንጨቀው፤ ቀስ እያልክ ተጫነው። ሲተኮስ አንተው ራስህ መደንገጥ አለብህ።»

ከዚያ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን ውሃ ሞልተው የመወልወያው ጫፍ ላይ ባለችው አግዳሚ ጣውላ ላይ አስቀመጡ። ጥይታችን ይቺ ነበረች፤ ውሃው ከፈሰሰ ስተሃል። የእኔ ክዳን ወዲያው ወለሉ ላይ ወደቀች። ሾፌሩ በመጀመሪያ ሙከራው እስከ ሠላሳ ተቆጠረለት። «መሪ ይዞ ያደገ እጅ ነው፣ በቃ» ብሎ ተኮፈሰብን።

በሦስተኛው ቀን ክፍሉ ሙሉ ወረፋ ይይዝ ጀመር። ሽማግሌው ሕጋቸው ብዙ ነው። ባሩድ በዓይን አይሰፈርም፤ ሁልጊዜ በአንድ መስፈሪያ ነው፣ አለበለዚያ አንዷ ጥይት ከፍ ሌላዋ ዝቅ ትላለች። ባሩድ ጥላሸት ስለሚተው ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ አፈሙዙ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ሾፌሩ ይቺን ሰምቶ ከእያንዳንዱ ተኳሽ በኋላ የመወልወያውን እንጨት በካልሲው ይጠርግ ነበር። አንድም ቀን አልረሳም።

«ከሁሉ የሚከፋው ግን ጭሱ ነው» አሉን አንድ ጠዋት። «ውጅግራ ሲተኮስ ፊትህ ላይ ጭስ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ሰው ሁሉ መታሁ አልመታሁ ብሎ አንገቱን ያነሣል። ጥይቷ ከአፈሙዙ ሳትወጣ እኮ ነው የሚያነሣው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኔ በሠርጌ ማግስት ለዒላማ ቅል ሰቅለውልኝ፣ እንዲሁ ቀና ብዬ የአማቴን የጠላ ጋን መታሁ።»

«አማትዎ ምን አሉ?»

«ዘጠኝ ዓመት ጠላ አልቀዱልኝም።»

ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና ወደ እኔ ዞሩ። «ጭሱ እስኪገፈፍ ጉንጭህ ከሰደፉ አይነሣ። መምታትህን ያኔ ታየዋለህ፤ የትም አይሄድም።»

በዚያው ዕለት ዒላማ ሣልልን ተባልኩ። በተቃጠለ ክብሪት ግድግዳው ላይ ቅል ጀመርኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። መስመሩ እንደ ድሮዬ ሄደልኝ፤ ልቤ እስኪዘል ደስ አለኝ። ያኔ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ከደስታዬ ብዛት ጥላ ጨመርኩ፣ ክብ የብርሃን ነጸብራቅ አወጣሁለት፣ ግራና ቀኝ ቅጠል አደረግሁለት። ሾፌሩ ራቅ ብሎ አየና፣ «አቦ፣ ይሄ እኮ መርማሪው ነው» አለ።

እውነቱን ነው። መርማሪያችን ራሰ በራ ነበር፤ ቅጠሎቹም ቁርጥ የእሱን ጆሮ መሰሉ። ላጥፋው ብዬ ሳልነሣ ተረኛው ፖሊስ በሩን ከፈተ። ሽማግሌው በደረታቸው ተኝተው መወልወያውን በራሰ በራው ግንባር ላይ አነጣጥረዋል፤ ሾፌሩ ይቆጥራል፤ ሌላው ተሰልፏል። ፖሊሱ ሄዶ መርማሪውን ይዞ መጣ። መርማሪው ግድግዳውን አየ፣ ሳይታወቀው እጁን ወደ አናቱ ሰደደ፣ ከዚያ በሩን ዘግቶ ወጣ።

ከምሳ በኋላ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የተጻፈ ወረቀት አለ። ሽማግሌው በእስር ቤት ውስጥ የጦር መሣሪያ ሥልጠና እንደሰጡን፣ ዒላማውም የመርማሪ ፖሊስ ምስል እንደነበር መስክሬአለሁ ይላል።

«ፈርም» አለኝ። «ዛሬ ቤትህ ታድራለህ።»

«እሳቸውስ?»

«እሳቸው ጉዳያቸው ሌላ ይሆናል።»

ምን እንደሚሆን ገባኝ። ፈቃድ የረሱ ሽማግሌ መሆናቸው ይቀርና አሠልጣኝ ይሆናሉ። በዚያ ዕድሜ ሲፈረድባቸው ደግሞ ቡልጋን ተመልሰው አያዩም። ሥዕሉ የእኔ፣ መዘዙ የእሳቸው። አልዋሽም፣ አሰብኩት። ቤቴን አሰብኩ፤ ያላለቀችውን «ር» ሳይቀር አሰብኩ። እስኪርቢቶውን ስይዝ እጄ እንደገና ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ መርማሪውም አይቶ ፈገግ አለ።

ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ተከልኩ። ተነፈስኩ፣ ግማሹን ለቀቅሁ፣ እዚያ ላይ ቆምኩ። ወረቀቱን ገልብጬ በባዶው ገጽ ላይ በታፔላ ፊደል እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሽማግሌው ያስተማሩን የወለል መወልወያ ሳያንቀጠቅጡ መያዝ ነው። ጥይቱ አንድ ክዳን ውሃ ነበር። ቅሉን የሣልኩት እኔ ነኝ። ጥላና ቅጠል ያበዛሁትም እኔው ነኝ፤ የሙያ ልማድ ነው።» ከሥሩ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ስልክ ቁጥሬን አልጨመርኩም።

ከዚያ ቀና ብዬ ፊቱን ማየት አማረኝ። ተቆጣ? ሊመታኝ ነው? አንገቴ ራሱ ሊነሣ ፈለገ። አላነሣሁትም። ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ እንደተከልኩ ወረቀቱ ከእጄ ሥር ሲሳብ ተሰማኝ፤ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ጆሮዬ እንደዚያ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«አይደለም ጌታዬ» አልኩ አቀርቅሬ። «ቅጠል ነው።»

ወደ ክፍሌ መለሱኝ። ሌላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ታሰርኩ። ሽማግሌው ግን በሳምንቱ ልጃቸው ፈቃዳቸውን ከቡልጋ አስመጥታላቸው ወጡ። ያ ወረቀት ይጥቀማቸው አይጥቀማቸው እስከዛሬ አላውቅም። ውጅግራው አልተመለሰላቸውም፤ እሱ ሲነሣ ብቻ ፊታቸው ይከፋል። እኔም ስፈታ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ፀጉር ቤቱ ነው። «የወንዶች ፀጉ» እንዳለች ጠበቀችኝ፤ ፀጉር አስተካካዩ ሌላ ሰው አላስነካም።

አሁን ታፔላ የሚሠራው በማሽን ነው። ወሎ ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ፤ በእጅ የተጻፈ የሚወዱ ጥቂት ደንበኞች ይመጣሉ። የፖሊስ መኪና በደጄ ስታልፍ እጄ ዛሬም አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ክርኔን ደግፌ ግማሽ ትንፋሽ እለቃለሁ። ከዚያች ክፍል ይዤው የወጣሁት ነገር በሙያዬ ከተማርኩት ሁሉ ይበልጥብኛል ብል ማጋነን አይደለም።

ከጻፍኳቸው ሁሉ የምወደው ላንቻ ያለውን ታፔላ ነው። የሽማግሌው ልጅ እኔ በተፈታሁ በሁለተኛው ዓመት ሱቅ ከፍታ «የባልትና ውጤቶች» ብዬ እንድጽፍላት ጠራችኝ። እሳቸውም ለዚሁ ብለው ከቡልጋ መጥተው ከመሰላሉ ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጡ። «ክርንህ» ይላሉ፣ «ትንፋሽህ» ይላሉ፤ መንገደኛው እየቆመ ያየናል። የመጨረሻዋን «ች» ጨርሼ ብሩሼን አነሣሁ። ወደ ኋላ ብዬ አላየሁም፤ ዓይኔን ፊደሏ ላይ እንደተከልኩ ቆየሁ።

«በል፣ ጭሱ ተገፍፏል» አሉኝ ከሥር። «አሁን ቀና በል።»